እህል ይጠብቃል፣ ቲማቲም አይጠብቅም

በየዓመቱ ሁለት ዜና ይሠራል። አንደኛው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የሚወጣው ነው፦ ገበሬው ገዢ አጥቶ ቲማቲሙን ለከብት ሰጠ፣ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ በሰበሰ። ሁለተኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ይመጣል፦ ሽንኩርት አልቀመስ አለ፣ እናቶች ተማረሩ፣ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ሁለቱን ዜና የሚሰማው ሕዝብ አንድ ነው፤ የሚያነበው ጋዜጠኛም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሁለቱ ዜናዎች አንድ መሆናቸውን የሚናገር ግን የለም። በ2016 መስከረም አካባቢ አዲስ አበባ ላይ ኪሎው ከ100 ብር ያለፈው ሽንኩርት፣ ከጥቂት ወራት በፊት ገበሬው የጆንያውንና የጫኚውን ሒሳብ እንኳን አልሸፍን ብሎት የተማረረበት ያው ሽንኩርት ነው።

ሁለቱን ዜና ለማገናኘት ወደ ደቡብ ጎንደር፣ በተለይም ወደ እብናት ማየት ይበቃል። እብናት ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ስንዴ የጫነ መኪና ነው። ወረዳው የሴፍቲኔት ወረዳ ነው፤ ስሙ ሲነሳ ድርቅ አብሮ ይነሳል። ድርቁ ሐሰት አይደለም። ወደ በለሳ የሚወርደው ቆላው ክፍል ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣበት፣ አፈሩም የተራቆተበት አገር ነው። ነገር ግን በዚያው ወረዳ ምንጭ ጠልፎ፣ ከወንዝ ዳር ቦይ ስቦ፣ በግማሽ ጥማድ መሬት ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ጥቅል ጎመን የሚያወጣ ቤተሰብም አለ። ስለ እሱ የሚናገር የለም። ለእርዳታ ሪፖርት አይመችም፤ ለልማት ሪፖርትም አነስተኛ ነው።

ሙግቱ አጭር ነው። ይህን ቤተሰብ የሚያደኸየው የዝናብ ማጠር ብቻ አይደለም። ከላይ እስከ ታች ያለው አስተዳደር የሚያውቀው አንድ ወቅት ብቻ በመሆኑ ነው፤ እሱም መኸር ነው። ዕቅዱ፣ ዘመቻው፣ ብድሩ፣ ማዳበሪያው፣ ስብሰባው ሁሉ የሚቆጠረው በእህል ገበሬ ዓመት ነው። የአትክልት ገበሬ ዓመት ግን ሌላ ነው።

*የአትክልት ገበሬ ዓመት*

መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ልብ በሉ፤ ጎተራው ባዶ በሆነበት በሐምሌና በነሐሴ ቤቱን ይዞ ያሻገረው ጎመን ነው። ሰማዩ ሲጠራ ግን ከቤት የሚባረረው እሱ ነው። ይህች አባባል የእናቶች ጨዋታ ብቻ አይደለችም፤ የመንግሥትም ፖሊሲ ሳትሆን አትቀርም።

ጥቅምት ላይ የእህል ገበሬ የደረሰውን እያየ ለአጨዳ ሲዘጋጅ፣ የአትክልት ገበሬ መደብ ሠርቶ የሽንኩርት ዘር ይዘራል። ችግኙ አንድ ወር ከግማሽ ያህል ይጠበቃል፤ በሣር ይሸፈናል፤ ጠዋት ማታ ይጠጣል። ታኅሣሥ ላይ፣ አውድማው ሳይጸዳ፣ ችግኝ ነቅሎ መትከል ይጀመራል። እያንዳንዷ ችግኝ በእጅ ናት። የሚተክሉት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ እስከ መጋቢት ማብቂያ ዕረፍት የለም፦ ውሃ በተራ፣ ኩትኳቶ፣ አረም፣ ተባይ። የውሃ አባቱ ተራ የሰጠው ሰው ተራው እኩለ ሌሊት ቢሆንም ባትሪውን ይዞ ይወርዳል። አንድ ተራ ያመለጠው ማሳ የሚቀጥለው ተራ እስኪደርሰው ድረስ ይጠወልጋል።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ምርቱ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ይህም የዐቢይ ጾም ወቅት ነው፤ 55 ቀን ሙሉ የከተማው መሶብ አትክልት ይፈልጋል። ጾሙ ሲፈታ ግን ፍላጎቱ ወደ ሥጋና ወተት ይዞራል፤ ማሳው ግን ገና አላለቀም። ግንቦት ላይ ምንጩ ይመነምናል። ሰኔ ላይ ደጋው፣ በፋርጣና በጉና ዙሪያ፣ ድንቹን ይዟል፤ ነሐሴ ላይ የሚደርሰው ድንች ብዙ ቤት ከረሃብ ይታደጋል። ቆላው ደግሞ ጉልበቱን ይልካል፤ ወጣቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል።

ይህ ነው ዓመቱ። አሁን የመንግሥትን ዓመት ከዚህ ጎን ማስቀመጥ ነው።

*«ሥራ የሚፈታበት ወቅት»*

ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር የተቀረጸበት ሐሳብ ጥሩ ነበር። በየዓመቱ ልመና ከመውጣት አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍ መስጠት፣ ጉልበት ያለው ደግሞ በምትኩ እርከን እንዲሠራ፣ መንገድ እንዲጠርግ፣ ኩሬ እንዲቆፍር። ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ይህን መካድ አይገባም። የማኅበረሰብ ሥራው የሚካሄደው ግን በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ሲታሰብ፣ ሕፃናትና አረጋውያን ያሉበት ቤት ውስጥ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች የሌሎቹንም ድርሻ ይሠራሉ። ምክንያቱ ምን ነበር? «ያን ጊዜ ገበሬው ሥራ ይፈታል» ነው።

የትኛው ገበሬ? የጤፍና የማሽላው ገበሬ። የሽንኩርቱ ገበሬ በጥርና በየካቲት የዓመቱን ዋና ሥራ ላይ ነው። በዚያው ወር የተፋሰስ ልማት ዘመቻም ይታወጃል፤ ያ ደግሞ ክፍያ የለውም። እርከኑ ራሱ ጠቃሚ ነው፤ ምንጩን የሚያጎለብተው እርከን መሆኑን የመስኖ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ውሃው እንዲጎለብት እየተባለ የውሃ ተራው ያመለጠው ሰው ምን ይበል? ዘመቻ ቢቀር ቅጣት አለ፤ ማሳ ቢቀር ረሃብ አለ። ሰውን ከእርዳታ ለማስመረቅ የቆመ መርሐ ግብር፣ ሰውየው ራሱን ሊያስመርቅበት የሚችለውን ወር ይወስድበታል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መስኖ ያለው ቤተሰብ የሥራ ቀኑን ከግንቦት በኋላ ወይም ከመኸሩ በፊት ባለ ሌላ ጊዜ እንዲያካክስ መፍቀድ፤ ወይም የራሱን ቦይ መጥረግና መጠገን እንደ ማኅበረሰብ ሥራ መቁጠር። ይህ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥር የሥራ ወር መሆኑን ማመን ብቻ ነው።

*ስንዴውስ?*

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የበጋ መስኖ ስንዴ የአገሪቱ ትልቁ የግብርና ዘመቻ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ስንዴን መተካት ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ሰፊ ሜዳና ብዙ ውሃ ባለበት ቦታ ያዋጣል። ችግሩ ዘመቻው ወረዳ ሲደርስ ሐሳብ መሆኑ ቀርቶ ኮታ መሆኑ ነው። ኮታ ደግሞ ሜዳና ገደል አይለይም።

በእብናትና በመሰሎቿ ወረዳዎች ውሃ የሚደርሰው መሬት ጠባብ ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር መሆኑን ይዘን እናስላ። በደኅና የተያዘ አንድ ጥማድ ሽንኩርት 20 ኩንታልና ከዚያ በላይ ይሰጣል። በዚያው መሬት የተዘራ ስንዴ ጥሩ ከተባለ 10 ኩንታል ገደማ ነው። ግማሽ ጥማድ ላለው ሰው 5 ኩንታል ስንዴ ማለት ቤቱ በልቶት የሚያልቅ ነው፤ ለልጅ ደብተር፣ ለሕክምና፣ ለቆርቆሮ የሚተርፍ የለውም። ሽንኩርት ግን፣ ገበያ ካገኘ፣ ቤቱን ይለውጣል። ይህን ልዩነት ገበሬው ያለ ካልኩሌተር ያውቀዋል። ሽንኩርቱን ነቅሎ ስንዴ እንዲዘራ የሚመክር ባለሙያ በስብሰባ ላይ ቢጨበጨብለትም፣ በጓዳ ይሳቅበታል።

ከሁሉም የሚገርመው፣ የአትክልት መሬት ለስንዴ ከተያዘ በኋላ ሐምሌ ላይ «ሽንኩርት ለምን ተወደደ?» ተብሎ መጠየቁ ነው።

*ደላላን ማባረር*

ዋጋ ሲወደድ ጥፋተኛው ዝግጁ ነው፤ ደላላ። ግብረ ኃይል ይወጣል፣ መጋዘን ይታሸጋል፣ ሁለት አይሱዙ ይያዛል፣ ፎቶ ይነሳል። በሳምንቱ ዋጋው ወደነበረበት ይመለሳል።

ደላላው ጻድቅ ነው ያለ የለም። ማሳ ላይ መጥቶ «ገበያው ወድቋል፣ ነገ ደግሞ ከዚህ ይብሳል» ብሎ ገበሬውን የሚያስደነግጠው እሱ ነው። ግን የገበሬው ድንጋጤ ከየት መጣ? ከደላላው አፍ ሳይሆን ከቲማቲሙ ነው። ቲማቲም ዛሬ ካልተሸጠ ከነገ ወዲያ ውሃ ነው። ጤፍ ያለው ሰው ደላላ ሲመጣበት «ሂድ፣ በሰኔ ና» ማለት ይችላል፤ ጎተራው ልብ ይሰጠዋል። የአትክልት ገበሬ ጎተራ የለውም፤ ስለዚህ ልብም የለውም። ደላላው የሚነግደው በሽንኩርቱ ሳይሆን በዚህ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱን ሳያጠፉ ደላላውን ማባረር፣ ሌላ ደላላ መቅጠር ነው።

ሁለተኛው የደላላው ሀብት ወሬ ነው። አዲስ ዘመንና ወረታ ላይ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ላይ ዋጋው ስንት እንደዋለ የሚያውቀው እሱ ነው። ገበሬው የሚያውቀው የአምናውን ዋጋ ነው። አምና ሽንኩርት ከተወደደ ዘንድሮ አገሩ ሁሉ ሽንኩርት ይተክላል፤ ዋጋው ይወድቃል። ዘንድሮ የከሰረው ለከርሞ ይተዋል፤ ያን ጊዜ ይወደዳል። ማን ስንት ጥማድ እንደተከለ ከታኅሣሥ ጀምሮ በየቀበሌው የሚያውቅ የግብርና ባለሙያ አለ። ይህን ቁጥር ለዞን ሪፖርት ያደርጋል። ለገበሬው መልሶ የሚነግር ግን የለም። «ዘንድሮ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ይህን ያህል ሽንኩርት ተተክሏል፤ የእናንተን አዘግዩት፣ ወይም ወደ ነጭ ሽንኩርት ዙሩ» ብሎ በሬዲዮ መናገር ስንት ብር ይፈጃል?

*ጎተራው የት አለ?*

ማከማቻ ሲባል ሹማምንት የሚታያቸው ቀዝቃዛ መጋዘን፣ ጄኔሬተር፣ ጨረታና ምረቃ ነው። እሱ እስኪመጣ ሌላ ሃያ ዓመት ይሄዳል። ለሽንኩርት የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው። ከመነቀሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ውሃ ማቋረጥ፤ ሲነቀል ጥላ ላይ በደንብ ማድረቅ፤ አንገቱ ሳይደርቅ አለመቁረጥ፤ ከዚያ ከመሬት ከፍ ባለ፣ ነፋስ በሚያሳልፍ የእንጨት ቆጥ ላይ በስሱ ማስቀመጥ። እንጨት፣ ገመድና የሣር ክዳን ነው። ለዘር ድንችም እንዲሁ ነው፤ ብርሃን የሚያስገባው የእንጨት መደርደሪያ በምርምር ማዕከላት ተሞክሮ ዘሩን ለወራት ጤነኛ አድርጎ እንደሚያቆይ ከታወቀ ቆይቷል። አዲስ ግኝት አይደለም። እንዲስፋፋ የፈለገ ነው የጠፋው።

ለምሳሌ ያህል እንቁጠር። አንድ ቤት 20 ኩንታል ሽንኩርት አወጣ እንበል። በሚያዝያ በኪሎ 15 ብር ሁሉንም ከሸጠ 30,000 ብር ያገኛል። ግማሹን ብቻ ሸጦ 15,000 ብር ቢይዝ፣ ግማሹን በቆጥ ላይ ለሦስት ወር ቢያቆይ፣ ከዚያም ውስጥ 3 ኩንታሉ ቢበሰብስና ቢያቆጠቁጥበት እንኳን፣ የቀረውን 7 ኩንታል ሐምሌ ላይ በ60 ብር ሲሸጥ 42,000 ብር ነው። ድምሩ 57,000። የከተማዋም እናት ከ100 ብር በታች ትገዛለች። ሁለቱም ያተርፋሉ።

ታዲያ ገበሬው ለምን አያስቀምጥም? ዕዳ ስላለበት ነው። የሽንኩርትና የቲማቲም ዘር አብዛኛው ከውጭ የሚገባ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘሩም፣ የተባይ መድኃኒቱም በዶላር እግር ወጥቷል። ገበሬው በጥቅምት ተበድሮ ዘር ይገዛል። ብድሩ የሚመለስበት ጊዜ ምርቱ በረከሰበት ሰሞን ይውላል፤ አበዳሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው ነጋዴ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው የገንዘብ ብዛት ሳይሆን የብድሩ ቀን ነው። የብድር ተቋማትና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የአትክልት ብድር መመለሻን ከሚያዝያ ወደ ነሐሴ ቢያሻግሩ፣ የአንድ ገበሬ ትርፍ ይለወጣል። ቆጥ የሠራ ገበሬ ቆጥ ላይ ያለውን ሽንኩርት መያዣ አድርጎ የሚበደርበት መንገድ ቢኖር ደግሞ የበለጠ።

*ውሃው የማን ነው?*

«እብናት የአትክልት አገር አይደለም፤ አትክልት ለፎገራ ነው» የሚል ክርክር አለ። ግማሽ እውነት ነው። ፎገራ ሜዳ ነው፣ ጥቁር አፈር ነው፣ መንገድ ዳር ነው። የርብ ግድብም እስከ 20,000 ሄክታር ያለማል ተብሎ የታቀደው ለታችኛው ሜዳ ነው። ግድቡ ከቆመ በኋላም የመስኖ ቦዮቹ ሥራ ዓመታት ፈጅቷል። ርብ ግን ፎገራ ላይ አልተወለደም። ከጉና ተነስቶ በደጋው ተንከባሎ ነው ሜዳ የሚደርሰው። አፈሩን ጠብቆ፣ እርከን ሠርቶ፣ ግድቡ በደለል እንዳይሞላ የሚደክመው የላይኛው ገበሬ ነው። ይህ ገበሬ ከትንሽ ምንጭ ጠልፎ ግማሽ ጥማድ ቢያጠጣ የሚጎድል ግድብ የለም። የሚጎድለው ትኩረት ነው። ለትልቁ ግድብ ቢሊዮን ሲመደብ፣ ለትንሿ የድንጋይ ጠለፋ አሥር ከረጢት ሲሚንቶ ይጠፋል።

ሁሉም የእብናት ቀበሌ አትክልት ያወጣል ማለት አይደለም። ውሃ የሌለበት ቦታ አለ፤ እዚያ እርዳታው መቀጠል አለበት። ነገር ግን ውሃ ያለበትንም የሌለበትንም በአንድ ስም «ተረጂ» ብሎ መጥራት፣ ሊነሳ የሚችለውን ሰው መሬት ላይ አስተኝቶ ማስታመም ነው።

ይህች ወረዳ ከላይ የሚመጣ የወቅት ትእዛዝ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. በእብናት የረሃብ መጠለያ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ዝናብ ጀምሯልና ወደ ማሳችሁ ተመለሱ ተብለው በወታደር ተበተኑ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። አቅም የሌለው ሁሉ በእግሩ ተነሳ። ዓለም ሲጮህ የደርግ መንግሥት የአካባቢ ባለሥልጣናት ስሕተት ነው አለ። ዛሬ ያ ዓይነት ጭካኔ የለም፤ ማነጻጸሩም አይገባም። ትምህርቱ ግን ቀርቷል፦ ገበሬው መቼ ማረስ እንዳለበት ቢሮ ተቀምጦ የሚወስን ሰው፣ ማሳው ላይ ምን እንዳለ ሳያይ ነው የሚወስነው።

*መንገዱና ጀሪካኑ*

አሁን ወደ ትልቁ ቁስል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ስለ ጦርነቱ ፖለቲካ ብዙ ይጻፋል። ስለ አንድ ሣጥን ቲማቲም ግን የሚጽፍ የለም።

መንገድ ሲዘጋ ጤፍ ያለው ይጠብቃል፤ እንዲያውም ዋጋው ይጨምርለታል። በግ ያለው በጉን ያግዳል። ቲማቲም ያለው ግን በሦስት ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። መንገዱን የዘጋው ማንም ይሁን ማን፣ በማንም ስም ይሁን፣ ቅጣቱ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚህ ሰው ላይ ነው። «ለሕዝብ ነው የምንታገለው» የሚል ሁሉ፣ «ሕግ እናስከብራለን» የሚልም ሁሉ፣ ይህን አንድ ነገር መመለስ አለበት፦ የተዘጋው መንገድ ላይ የበሰበሰው ቲማቲም የማን ሕዝብ ነበር? ከኬላ ኬላ የሚከፈለውስ? አይሱዙው ይከፍላል፤ ሹፌሩ ከነጋዴው ያስባል፤ ነጋዴው ከገበሬው ይቀንሳል። መጨረሻው ማሳው ላይ ነው።

ነዳጁም እንዲሁ ነው። ኮንትሮባንድ ለመከላከል ተብሎ ነዳጅ በጀሪካን መሸጥ ሲከለከል፣ የውሃ ፓምፕ ጎማ እንደሌለው የታሰበበት አይመስልም። ፓምፕ ነድቶ ማደያ አይሄድም። ከጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ለማጻፍ የሚመላለስ ገበሬ ደብዳቤው እስኪፈረም ችግኙ ይደርቅበታል፤ ስለዚህ ከጥቁር ገበያ በእጥፍ ይገዛል። ሕጉ ኮንትሮባንዲስቱን ሳይሆን ሽንኩርቱን ያዘ።

*እንግዲህ ምን ይደረግ?*

1. መስኖ ላላቸው ቤተሰቦች የሴፍቲኔትና የተፋሰስ ሥራ ቀን ከጥርና ከየካቲት ይነሳ፤ የቦይ ጥገናም እንደ ማኅበረሰብ ሥራ ይቆጠር።

2. የበጋ ስንዴ በጠባብ የመስኖ መሬት ላይ በኮታ አይጫን፤ ምርጫው የገበሬው ይሁን።

3. የአትክልት ብድር መመለሻ ወደ ነሐሴ ይሻገር።

4. በየቀበሌው የሽንኩርትና የዘር ድንች ቆጥ ይሠራ፤ የልማት ሠራተኛው በዳስ ስብሰባ ሳይሆን በተሠራ ቆጥ ቁጥር ይመዘን።

5. ማን ምን ያህል እንደተከለና የየከተማው ዋጋ በየሳምንቱ በሬዲዮ ይነገር።

6. ለፓምፕ ነዳጅ ለወቅቱ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፈቃድ ይኑር፤ ለየጀሪካኑ ደብዳቤ ይቅር።

7. መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ያለ፣ ለሚበላሽ ምርት መንገድ ይክፈት። ይህ ድርድር አያስፈልገውም።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚጠይቀው ቀን መቁጠሪያውን ከገበሬው ጋር ተቀምጦ ማየት ነው። ግብረ ኃይሉም ሐምሌን ከሚጠብቅ በጥር ይውጣ፤ ደላላ ለማሳደድ ሳይሆን የውሃ ተራ ለማየት። በጥር የተጠበቀ ማሳ ካለ፣ በሐምሌ የሚታሸግ መጋዘን መፈለግ አያስፈልግም።